ግምት ያበላሸው ዘንግ

ባለፈው ሳምንት ይህ አምድ ሳይወጣ ስለቀረ «ታሞ ይሆን?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ሹልክ ብሎ አገር ቤት ገብቷል» እያለ ማስወራቱን ሰምቻለሁ። ለእሱም እግዜር ይስጠው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሰነበትኩት እዚሁ ሜሪላንድ፣ በጎረቤቴ ቤዝመንት ውስጥ፣ ዱላ ሲዞር እያየሁ ነው። አትሳቁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው በአፌ «ዩ» ብላቸውም በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። እኚህ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በእጃቸው ሲሠሩና ሲያስጌጡ ኖረዋል። የፋብሪካውን ዘንግ ማንም ከሱቅ ያነሣዋል። የእሳቸው ግን ልብስ ሰፊ ሱፍ እንደሚለካው ለአንድ ሰው እጅ ተለክቶ የሚሠራ ነው። ባዶውን ዘንግ ገዝተው የቡሽ እጀታ ያለብሱታል፤ የመንጠቆው ክር የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በቀጭን የናይለን ክር ጠምጥመው ያስሩበታል፤ በመጨረሻም ኢፖክሲ ይቀቡታል። በቀድሞው ጊዜ የሐር ክርና ቫርኒሽ ነበር፤ ቫርኒሹ እየደረቀ ብዙ ጊዜ ይደገም ነበር። ኢፖክሲ ግን አንድ ሁለቴ ከተቀባ እንደ መስተዋት ያበራል። (ለነገሩ በ1930ዎቹ ኢፖክሲን ካገኙት አንዱ የሆነው የስዊሱ ኬሚስት ፒየር ካስታን ይፈልግ የነበረው የሰው ሠራሽ ጥርስ መሥሪያ ነበር። ለሰው መንከሻ የታሰበው ዓሣ ለማስነከሻ ዋለ ማለት ነው!)

ሽማግሌው ዛሬ ኢፖክሲ አይነኩም። በወጣትነታቸው «ጓንት የሐኪም ነው» እያሉ በባዶ እጃቸው ሲቀቡ፣ የፈሰሰውንም በጣታቸው ሲጠርጉ ኖሩ። ለብዙ ዓመት ምንም አልሆኑም። ከዚያ አንድ ቀን እጃቸው አሳከካቸው፤ ቀላ፤ አበጠ፤ ውኃ ቋጠረ። ሐኪሙ የነገራቸው አጭር ነው፦ ሰውነት አንድ ጊዜ ከኢፖክሲ ጋር ከተጣላ አይታረቅም። ደርቆ የጠነከረው አይጎዳም፤ ያልደረቀው ግን ጠብታውም ይበቃል። እንዲህ ሆኖ እጃቸው ጡረታ ወጣ። አፋቸው ግን አልወጣም።

በዚህ ዓመት የልጅ ልጃቸው 12 ዓመት ሞላት። በአፕሪል፣ ሻድ የተባለው ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደ ፖቶማክ ወንዝ በሚወጣበት ሰሞን፣ የራሷን ዘንግ ይዛ እንድትወርድ ቃል ገብተውላታል። እናም አንድ ማታ በሬን አንኳኩተው «እጅህን አውሰኝ፤ አፉን እኔ እችላለሁ» አሉኝ። ከዚህ ቀደም ሁለት ሦስት ቀለበት አስረውኝ ስለነበር «ምን ችግር አለው!» አልኩ። ሐበሻ «አልችልም» ማለት መቼ ይወዳል?

ልጅቷ የመረጠችው ከእጀታው በላይ ያለው አንድ ስንዝር ያህል ቦታ እንደ ጣዎስ ላባ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሆኖ እንዲተራመስ ነው። ይህ የሚሠራው በዱቄት ነው። ዱቄቱ ማይካ የተባለው ማዕድን ደቅቆ፣ በላዩ ስስ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሽፋን ተደርጎበት የሚሠራ ነው። ቀለሙ የሚለዋወጠው በሽፋኑ ውፍረት ነው፤ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀስተ ደመና እንደሚሠራው መሆኑ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ በነጭ ላይ ሲሆን ደብዝዞ ይቀራል፤ በጥቁር ላይ ሲሆን ግን ይነዳል። መጀመሪያ ጥቁር ኢፖክሲ ይቀባና ያድራል። በማግስቱ ጥርት ያለ ኢፖክሲ ተበጥብጦ በትናንሽ ስኒዎች ይከፈልና በእያንዳንዱ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የምትነሣ ዱቄት ትገባበታለች። ከዚያ ዘንጉ በሞተር ቀስ እያለ፣ በደቂቃ ዘጠኝ ጊዜ ያህል እየዞረ፣ ቀለሞቹ በጠብታና በመስመር ይወርዱበታል። ራሳቸው እየፈሰሱ ይጠላለፋሉ። ዘንጉ ካልዞረ ሁሉም ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሻማ እንባ ይሆናል።

እንግዲህ የእኔ ጉድ እዚህ ላይ ይጀምራል። ኢፖክሲ ሁለት ጠርሙስ ነው፦ ሬዚኑና ማጠንከሪያው። የዘንጉ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ እኩል በእኩል ነው፤ ሦስት ሲሲ ከዚህ፣ ሦስት ሲሲ ከዚያ፣ በሁለት የተለያዩ ስሪንጆች። የመጀመሪያውን ጥቁር ሽማግሌው ከጎኔ ቆመው ለካሁ፤ አማረ። በማግስቱ እሳቸው ቀጠሮ ነበራቸው። እኔም የማታ የታክሲ ተራ ነበረኝ። ቸኮልኩ። ስሪንጁን ከመፈለግ ብዬ በዓይኔ አፈሰስኩት። እናቴ ለሃምሳ ሰው ድግስ ወጥ ስትሠራ መቼ ማንኪያ ቆጥራ ታውቃለች? በርበሬውን በእፍኟ፣ ጨውን በጣቷ። ልጇ ደግሞ ሦስት ሲሲ ያቅተዋል?

በማግስቱ ዘንጉን በጓንት ነካሁት። ያዘኝ። ማር ነው። በሦስተኛውም ቀን ማር ነው። የኢፖክሲ ነገር እንደ ሠርግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሬዚን የሚመጥን ማጠንከሪያ ያስፈልገዋል። አንዱ ከበዛ ትርፉ ሚዜ ሆኖ ቆሞ ይቀራል፤ ዓመት ብትጠብቀው አያገባም። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ ይገዝፋል፤ ከሦስት ሲሲ ላይ ግማሽ ሲሲ ብትስት ስድስተኛውን እጅ ስተሃል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስንፍና ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ግን እጄ ይከብደኛል። ሽማግሌው ስልክ ደውለው «ደረቀ?» አሉኝ። አፍሬ «ደርቋል» አልኩ። ማታ ተመልሼ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው። እሳቸው ግን ማታን አልጠበቁም። ከሥራ መልስ ቤዝመንቱን ስከፍት ዘንጉ አጠገብ ቆመው መብራት አብርተዋል። ከሩቅ ሲታይ እውነትም ያምር ነበር። ጣታቸውን ዘርግተው ሊዳስሱት ሲሉ ጮህኩ። ጮኼም አላቆምኩ፤ የሹራባቸውን እጅጌ ጎተትኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። «ስንት ለካህ?» አሉ።

«አልለካሁም» አልኩ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡና የጓንት ካርቶን ይዘው ወረዱ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወንበራቸውን ሳቡ። ሌላ ቃል የለም።

ወጥ ይቀመሳል፣ አንባቢዎቼ። የእናቴ ግምት ግምት ያልነበረው ለዚህ ነው፤ በየመሀሉ ትቀምስ ነበር፤ ጨው ካነሰ ትጨምራለች። ኢፖክሲ አይቀመስም። አንዴ ከበጠበጥከው ስሕተትህን የሚነግርህ በማግስቱ ነው። ውሸትም እንዲሁ ነው፤ «ደርቋል» ያልኩት ቃል ሊያቃጥል የነበረው የእኔን እጅ አልነበረም።

ያን ሳምንት ጋዜጣ አልጻፍኩም። የሚያጣብቀውን ሽፋን በፕላስቲክ ፍቄ፣ የቀረውን በአልኮል ጠርጌ እስከ ጥቁሩ ወረድኩ። በሁለት ስሪንጅ ለካሁ። አረፋ እንዳይገባበት ቀስ ብዬ፣ የስኒውን ጠርዝና ታች እየጠራረግሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ በጠበጥኩ። በስኒ ውስጥ ተከማችቶ ሲቆይ በራሱ ሙቀት ቶሎ ስለሚጠጥር አሉሚኒየም ወረቀት ላይ አፈሰስኩት። ቀለሞቹን አወረድኩ። ለቀረው አረፋ የአልኮል ኩራዝ አብርቼ ነበልባሉን ከሥሩ አንዴ ብቻ እልፍ አደረግሁ፤ ሙቀቱ ሲያቀጥነው አረፋው ይፈነዳል። ከዚያ ከአራት ሰዓት በላይ ከሽማግሌው ጋር ተቀምጠን ዱላው ሲዞር አየን። ዘንጉ ሲዞር የሰማያዊው ጅረት ወደ አረንጓዴው እየገባ፣ ወይን ጠጁ በመሀል እየተሰነጠቀ… ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል!

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ፍሌቸርስ ኮቭ ወረድን። ባለቤቴም መጣች። እዚያ የአሜሪካን ሻድ ተይዞ ወደ ቤት እንደማይወሰድ፣ መልሶ እንደሚለቀቅ ስነግራት «ታዲያ ለምን ታጠምዳላችሁ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ጀልባው ላይ ከመውጣቷ በፊት ዘንጉን ለአያቷ አቀበለች። ሽማግሌው እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ደረቀ?»

«ዘጠኝ ቀን ሆነው። ለክቼዋለሁ» አልኩ።

እጃቸውን አወጡ። ጓንት የለም። ዘንጉን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ቀለሙን ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ወደ ፀሐይም አዞሩት።

በወለል ሥራ፣ በጋራዥ፣ በጀልባ ጥገና ኢፖክሲ የምትነኩ ወገኖቼ፦ ጓንቱን አትናቁ። እጃችሁ እስካሁን ምንም ስላልሆነ ነገም አይሆንም ማለት አይደለም። ለክታችሁ በጥብጡ። ያልደረቀውን ደግሞ «ደርቋል» አትበሉ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።