የሆድ ዕቃው ሽፋን ሳይደክም ይለካ

ኵላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ደሙን በመሣሪያ ከማሳጠብ ሌላ አንድ መንገድ አለው፤ ይኸውም በገዛ ሆዱ መታጠብ ነው። በቀጭን ቱቦ 2 ሊትር ያህል ስኳር ያለበት ፈሳሽ ወደ ሆዱ ይገባል። ፔሪቶኒየም የሚባለው ስስ ሽፋን እንደ ወንፊት ሆኖ የደሙን ቆሻሻ ያሳልፋል፤ ስኳሩም ትርፉን ውሃ ይስባል። ፖፖቪችና ሞንክሪፍ የተባሉ አሜሪካውያን ሕመምተኛው በየዕለቱ በቤቱ የሚሠራውን ሥርዓት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሆንግ ኮንግም ከ1985 ጀምሮ በቅድሚያ የምትሰጠው ይህንኑ ሕክምና ነው።

ነገር ግን ይህ ወንፊት ሕያው ሥጋ ነው። የስኳሩ ብዛትና የሆድ ኢንፌክሽን ዓመት በዓመት ይለውጡታል፤ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅሉበታል፤ ይወፍራልም። የደም ሥሩ ሲበዛ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ስኳሩ ካለቀ ደግሞ ውሃውን የሚስብ የለም። አታላዩ ነገር ይህ ነው፤ ደሙ ሲመረመር ቆሻሻው ደኅና የታጠበ ይመስላል፤ ሰውየው ግን በውሃ እየተሞላ ያብጣል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ ልቡም ይጨነቃል።

ለዚህ መለኪያ አለው። ትዋርዶውስኪ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳወቁት ምርመራ ፈሳሹ በሆድ ውስጥ ለ4 ሰዓት ይቆያል። ከዚያም በፈሳሹ ያለው ክሬአቲኒን በደም ካለው ጋር ይነጻጸራል፤ የቀረው ስኳርና የወጣው ውሃም ይለካል። 3.86 በመቶ ስኳር ባለው ፈሳሽ ከ4 ሰዓት በኋላ የተገኘው ትርፍ ውሃ ከ400 ሚሊ ሊትር ካነሰ፣ የቱቦ መዘጋት ወይም መፍሰስ ከሌለ፣ ሽፋኑ ደክሟል ማለት ነው።

«ሕመምተኛው ደኅና ነኝ እያለ ለምን እናስቸግረዋለን?» የሚሉ አይጠፉም። ክርክራቸው ጨርሶ ከንቱ አይደለም፤ ምርመራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዓለም አቀፉ የሙያ ማኅበር በ2021 ያወጣው ምክርም ሕክምናው በተጀመረ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲለካና ከዚያ በኋላ ምልክት ሲታይ እንዲደገም ነው። እኔም የምለው የመጀመሪያው ልክ ፈጽሞ አይታለፍ ነው። መነሻው ካልታወቀ የኋለኛው ቁጥር ከምን ጋር ይነጻጸራል? ምልክቱም የሚታየው ሕመምተኛው ክብደቱን፣ ያስገባውንና ያስወጣውን ፈሳሽ በየቀኑ ሲመዘግብ፣ ሐኪሙም መዝገቡን ገልጦ ሲያነብ ነው።

ድካሙ በጊዜ ከታወቀ መላ አለው፤ ፈሳሹ በሆድ የሚቆይበት ጊዜ ይታጠራል፤ ለረጅሙ ቆይታ አይኮዴክስትሪን ያለበት ፈሳሽ ይደረጋል፤ ይህ ካልበቃ ወደ መሣሪያው እጥበት በዝግጅት ይዛወራል። ዘግይቶ የታወቀ እንደሆነ ግን ዝውውሩ በሌሊት፣ በድንገተኛ ክፍል፣ ትንፋሽ እያጠረ ይሆናል።

ነገ ሐኪም የምትሆኑ ጓደኞቼ፣ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የክሬአቲኒኑን ወረቀት ብቻ አይታችሁ ሕመምተኛውን አታሰናብቱ። ስንት ውሃ እንደወጣ ጠይቁ፤ ከአምናውም ጋር አስተያዩት።