የውኃው ልክ ለጠጪው ይነገር!

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአገራችን ይዘነው የመጣነው አንድ ልማድ አለ፤ ውኃውን ከተጠራጠርን እናፈላዋለን። ልማዱ የእናቶቻችን ነው፤ ከስንት ተስቦና ተቅማጥ ስላዳነን እናመሰግነዋለን። ነገር ግን እርሳስ የሚባለው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ውኃው እየተነነ ሲያንስ እርሳሱ እዚያው ስለሚቀር እንዲያውም ይበረታል። በዓይን አይታይም፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። መኖሩ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። የለካውም ክፍል ያገኘውን ለጠጪው መንገር አለበት፤ ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ስለ መንገሩ ነው።

ታሪኩን ያልሰሙ ወጣት አንባቢያን ብዙ ናቸውና እናስታውስ። የዋሽንግተንን ውኃ የሚያጣራው፣ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል የሚተዳደረው ድርጅት በኖቬምበር 2000 የውኃውን መድኃኒት ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ለወጠ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ክሎሪን በውኃው ውስጥ ካለው የቅጠላ ቅጠል ብስባሽ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠሩትን ጎጂ ነገሮች ለመቀነስ ነበር። ዳሩ ግን በብዙ አሮጌ ቤቶች ከመንገድ እስከ ቤት የሚዘልቀው ቧንቧ ከእርሳስ የተሠራ ነበር። ክሎሪኑ በነበረበት ዘመን በቧንቧው ውስጥ በቀላሉ የማይሟሟ የእርሳስ ቅርፊት ተጋግሮ ቆይቷል። ክሎሪኑ ሲለወጥ ቅርፊቱ ይሟሟ ጀመር፤ እርሳሱም እስከ ሕፃናቱ ጡጦ ወረደ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአሜሪካ ደንብ፣ ከተመረመሩት ቤቶች ከመቶ ከዐሥር የሚበልጡት በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ ካሳዩ የውኃው አገልግሎት እርምጃ እንዲወስድና ሕዝቡን እንዲያስተምር ያዝ ነበር። በ2003 ዋሽንግተን ውስጥ ከተመረመሩት ከ6,000 የሚበልጡ ቤቶች ውስጥ ከ4,000 የሚበልጡት ከዚህ ልክ አለፉ። ከ300 በላይ የተገኘበትም ቤት ነበር። አስቀድሞ ለነዋሪዎች የተላከው ማስታወቂያ የነገሩን ክብደት የሚያሳይ አልነበረም። ሕዝቡ የደነገጠው ዋሽንግተን ፖስት በጃንዋሪ 31 ቀን 2004 በፊት ገጹ ሲያወጣው ነው። ቁጥሩ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ተቀምጦ፣ እናት በዚያው ውኃ የልጇን ወተት ትበጠብጥ ነበር። እያሳሳቀ የሚወስደው ውኃ ወንዝ ብቻ አይደለም!

ከዚህ በኋላም የሆነው ያሳዝናል። የመንግሥቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል በ2004 ባወጣው ጽሑፍ በሕፃናቱ ላይ የደረሰው ጉዳት አነስተኛ መሰለ። የቨርጂኒያ ቴክ መምህር ማርክ ኤድዋርድስና ባልደረቦቹ በ2009 የሕፃናቱን የደም ምርመራ መዝገብ ዘርዝረው አይተው ጉዳቱ የከፋ መሆኑን አሳዩ። ማእከሉም በ2010 የቀድሞ ጽሑፉን የሚያቃና ማብራሪያ አወጣ። ለስድስት ዓመት ያህል ግን ያ ጽሑፍ በየከተማው ያሉ ሹማምንት መጽናኛ ሆኖ ነበር።

ልኬቱም ቢሆን በለኪው እጅ ይጣመማል። ደንበኛው ናሙና ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሳይከፈት ካደረ ቧንቧ በመጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ነው። ማታውን ቧንቧውን ለቅቆ ማጠብ፣ ወይም በአፉ ያለውን ወንፊት መንቀል ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለው አሠራር እንዲቀር በ2016 በጽሑፍ ያሳሰበው የፍሊንት ከተማ መከራ ከታወቀ በኋላ ነው።

በማፍላት የማይጠፋ መርዝ በአገራችንም አለ። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ የስኳር እርሻ ሳይቀር፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ ውኃ የሚገባው ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ አበላሽቷል፤ ለብዙ ዓመት የጠጡትንም ሠራተኞች አጥንት አድርቆ ወገባቸውን አጉብጧል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ልክ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ነው። ከነዚያ ሠራተኞች የጉድጓዱ ልክ የተነገረው ስንቱ ይሆን?

ዋሽንግተን በዚያው በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዪቱ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የውኃው ምርመራ ደብዳቤም በአማርኛ ይድረሰን ብለን መጠየቅ ልመና አይደለም። ኬሚስትሪና ሕክምና የምትማሩ ጓዶች፣ የውኃው አገልግሎት በየዓመቱ የሚያወጣውን የጥራት መግለጫ አንብባችሁ እንግሊዝኛ ለማያነቡት ወገኖቻችን አስረዱ። ኪራይ ቤት ያላችሁም ቧንቧው ከምን እንደ ተሠራ ባለቤቱን ጠይቁ። ውኃው ወደ ቤት የሚገባበትን ቧንቧ በቁልፍ ጫር ስታደርጉት እንደ ብር ካብረቀረቀና ማግኔት ካልያዘው እርሳስ መሆኑን ጠርጥሩ፤ ውኃውንም አስመርምሩ። ውጤቱ እስኪመጣ ለሕፃን ወተት ከሙቅ ውኃ ቧንቧ አትቅዱ፤ ቀዝቃዛውንም እርሳስ እንደሚያስቀር በተመሰከረለት ማጣሪያ አሳልፉት።