ፋን ዳይሬክት ማድረግ ጥገና አይደለም

ትናንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለ። «ቲቸር፣ አንድ ኮሮላ እየፈላ ፋኑ አይነሳም። ባለቤቱ ቸኩሏል፣ ዳይሬክት ላድርገው?»

«የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለህ አይተሃል?» ስለው ዝም አለ።

ልጆች፣ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ! በብዙዎቹ የድሮ ቶዮታዎች ይቺ ስዊች ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን መስመሩን ታገናኛለች፤ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትቆርጣለች፣ ያኔ ፋኑ ይነሳል። ስለዚህ ቁልፉን ከፍታችሁ ሶኬቱን ስትነቅሉ ፋኑ ከተነሳ ፊውዙም ሪሌውም ሞተሩም ደህና ናቸው። ካልተነሳ ፊውዝና ሪሌ እዩ፣ ከዚያ ለፋኑ ከባትሪ ቀጥታ ስጡት። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ሴንሰሩም ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ፋኑ የሚነሳበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ውሃው ፈላ ማለት ነው። ስንቱ ጋራዥ ነው ክዳኑን የሚያየው? (ሞተሩ ትኩስ እያለ እንዳትከፍቱት ብቻ።)

ዳይሬክት የሆነ ፋን ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል። ቴርሞስታቱም ወጥቶ ከሆነማ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ቤንዚን ይጠጣል። ዋናው ችግር ግን እዚያው ተደብቆ ይቀራል፤ ባለመኪናው የሚመለሰው ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ነው። ጥፋቱ የእኛ፣ ከፋዩ እሱ!

ማታ ልጁ መልሶ ደወለ። ሶኬቱን ሲነቅል ፋኑ ተነስቷል። የክዳኑ ጎማ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል።