አሜን የማን ስም ነው?

ሰሞኑን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ አንድ ወጣት ወንድም ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ተናጋሪው «አሜን ስትሉ ሳታውቁ የግብፁን ጣዖት የአሞንን ስም እየጠራችሁ ነው» ይላል። ወንድማችን ይህን ከሰማ ወዲህ ጸሎት ሲያበቃ ዝም ይላል። ጣዖትን መፍራቱ መልካም ነው። ትምህርቱ ግን ውሸት ነው።

አንደኛ፣ አሜን ዕብራይስጥ ነው። ሥሩ መጽናትን፣ የታመነ መሆንን ያመለክታል። እኛ ደግሞ ቃሉ ባዕድ አይሆንብንም፤ አመነ፣ ታመነ፣ እምነት፣ ታማኝ የምንላቸው ከዚያው ሴማዊ ሥር የበቀሉ ናቸው። የጣዖቱ ስም ግን ግብፅኛ ነው፤ ትርጉሙም «ስውር» ማለት ነው። ድምፅ ስለ ተቀራረበ ቃል አንድ አይሆንም። «ገና» ሲጻፍ አንድ ነው፤ በዓሉን «ገና አልመጣም» ከምንለው ጋር ማን ያምታታል?

ሁለተኛ፣ ቃሉ ራሱ ይመስክር። በዘዳግም 27 ሌዋውያን እርግማኑን ሲናገሩ ሕዝቡ 12 ጊዜ አሜን ይላል። የመጀመሪያው እርግማን የወደቀው በማን ላይ ነው? ጣዖት በሚሠራ ሰው ላይ (ቁ. 15)! ታዲያ ጣዖትን በጣዖት ስም ረገሙ ልንል ነው? ኤርምያስም ለእግዚአብሔር አሜን ብሎ የመለሰ ነቢይ ነው (11፥5)፤ በአሞን ላይ የሚመጣውን ፍርድ ያወጀውም እርሱ ነው (46፥25)።

ወገኖቼ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አሜንን ያረከስነው እኛው ነን። «አሜን ያለ ይቀበላል!» ሲባል ምን እንደ ተባለ ሳንመረምር እንጮኻለን። ፌስቡክ ላይ «አሜን ብላችሁ ሼር አድርጉ» ሲሉን እንጽፋለን። ጳውሎስ ግን የሚባለውን ያላወቀ ሰው እንዴት አሜን ይላል ብሎ ይጠይቃል (1ኛ ቆሮ. 14፥16)።

ነህምያ 5ን አንብቡ። ባለጠጎቹ የድሆችን እርሻና ቤት እንዲመልሱ ተጠየቁ፤ ማሉ፤ ጉባኤው ሁሉ አሜን አለ፤ እንደ ተባለውም ተደረገ (ቁ. 13)። አሜን ፊርማ ነበር። እኔ ግን ስለ ይቅርታ በተሰበከ ቀን ከሁሉ በላይ ጮኬ አሜን ብዬ፣ ያኮረፍኩትን ወንድም በር ላይ አይቼ በሌላ በኩል ወጥቻለሁ። ያን ቀን ቃሉን ያረከሰው የግብፅ ጣዖት አልነበረም።

አሜን የማን ስም ነው ለሚለው መልሱ በራእይ 3፥14 አለ፤ የታመነውና እውነተኛው ምስክር፣ ጌታችን ኢየሱስ ራሱ አሜን ተብሏል። የእግዚአብሔር ተስፋዎች ሁሉ በእርሱ ጸንተዋል (2ኛ ቆሮ. 1፥20)። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ አትፍራ፤ አሜን በል። ከማለትህ በፊት ስማ፤ ካልህ በኋላ ኑረው።