ከፎቶው ጀርባ

በቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሦስት ወጣቶች ከአንድ የጭነት መኪና ፊት ቆመዋል። በስተግራ ያለው አባቴ ነው፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። መካከለኛው አጎቴ ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚስቀው፣ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ጀርባውን ስናገላብጠው በአባቴ የእጅ ጽሕፈት «ለማስታወሻ፤ ጎሐ ጽዮን፤ 1971 ዓ.ም.» ይላል። ቦታው አለ፤ ዓመቱ አለ፤ ስሙ ግን የለም። አባቴ ስሙን መጻፍ ያስፈልጋል ብሎ አላሰበም ይሆናል፤ ሰው አብሮ አደጉን እንዴት ይረሳል? ዛሬ አባቴም አጎቴም በሕይወት የሉም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለዚህ ሰው እንዲህ ብዬ ሞከርሁለት፦

ሳቅህን ትተህ፣ ስምህን ይዘህ ሄድህ፤
ከእኛው ጋር ውለህ፣ ከእኛው ጋር አደርህ፤
ስንት በዓል መጣ፣ ስንት ቡና ፈላ፣
«እገሌ» ሳንልህ፣ ሳንልህ «ና ብላ»።

እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው። በመስኮቴ የሚገባ ወረቀት ቀንና ፊርማ ከሌለው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ደንበኛው ቢቆጣም ይመለሳል። ምናልባት ከዚህ ልማድ የመጣ ግትርነት ይሆናል፤ የጉዞ ፎቶግራፍ ብቻውን ማስታወሻ ነው ሲባል አልቀበልም። ማስታወሻ የሚሆነው ከጀርባው ሲጻፍበት ነው። የዘመናችን ችግር ደግሞ ፎቶው ጀርባ የሌለው መሆኑ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል፤ ሺሕ ሰው ያየዋል፤ የሚገላበጥ ገጽ ግን የለውም። በላሊበላ ከቤተ ጊዮርጊስ አናት ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያንኑ የመስቀል ቅርጽ ጣራ ከኋላው አድርጎ ይነሣል። በጎንደር ከፋሲል ግንብ ሥር፣ በባሕር ዳር ከጣና ዳር እንዲሁ ነው። ፎቶው ያው ነው፤ ተነሺው ብቻ ይለያያል። እኔም ተነሥቻለሁና ማንንም ለመንቀፍ አይደለም።

ቀደምቶቻችን በዚህ ረገድ ይበልጡን ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄዱ። የመንግሥትን ጉዳይ ፈጽመው፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚገባውን ቃል አቅርበው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው መጽሐፍ አደረጉት፤ ባሕሩን ተሻግሮ ማየት የማይቻለው አንባቢ አብሯቸው እንዲጓዝ። የጉዞ ትዝታን ማካፈል ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ «እዚያ ነበርሁ» ማለት ሳይሆን «ና፣ አብረን እንይ» ማለት።

የምኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ነው። ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ በአስኮ፣ ወደ ጅማ የሚወስደው በአየር ጤና በኩል በክፍለ ከተማችን ያልፋል፤ ስለዚህ መንገደኛ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ከመንገደኞቻችን ሁሉ ስሙ የገነነው ግን በ1954 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ኔልሰን ማንዴላ ነው። ያን ጊዜ ዳር አገር በነበረችው ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ይወስድ ነበር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ተሰጥቶታል፤ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ዴቪድ ሞትሳማዪ ይላል። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ ሳለ ሁለት ወር እንኳ ሳይዘልቅ ወደ አገሩ ተጠራ፤ በዚያው ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይም ተያዘ።

ይህ ሰው በዚያ በአፍሪካ ጉዞው የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ማስታወሻው በ1955 ዓ.ም. ሐምሌ ፖሊስ በሪቮኒያ የሚገኘውን የሊሊስሊፍ እርሻ በከበበ ጊዜ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተገኘ፤ ለክሱም ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ማንዴላም በፍርድ ቤት ቆሞ ጽሑፎቹ በገዛ እጁ የተጻፉ መሆናቸውን አልካደም። ባይጽፍ ይሻለው ነበር የሚል ይኖራል። ለክሱ ይሻለው ይሆናል፤ ነገር ግን የጉዞ ማስታወሻ ምን ያህል ክብደት ያለው ነገር እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ከእስር ከወጣ በኋላ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ኮልፌ ጥቂት ገጾች ደርሰዋታል። ስለ ተኩሱና ስለ ፈንጂው ይናገራል፤ እኔን የያዘኝ ግን የእግር ጉዞው ነው። ጠመንጃና ስንቅ ተሸክሞ ሩቅ መሄዱን እንደ ወደደው ይነግረናል። በመንገዱም ላይ ጫካውንና ደጋውን፣ በእንጨት ሞፈር የሚያርሰውን ገበሬ፣ ቤት የሚጠመቀውን መጠጥ ያያል (ጠላ መሆኑ ነው)፤ ከአገሩ ገጠር ጋርም ያመሳስለዋል። ኋላ ቀር መሆናችንንም ሳይሸሽግ ጽፏል። መጀመሪያ ሳነበው ትንሽ ከፋኝ፤ ስደግመው ግን ወደድሁት። እንግዳ ሲመጣ ምንጣፍ አንጥፈን የምንሸፍነውን መሬት ያየ እንግዳ ነው። አንድም ፎቶግራፍ ሳይታይ፣ በጥቂት መስመር ብቻ፣ የሰፈሬን ክረምት ከነጭቃው አየሁት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እናቴን ይዤ ወደ አባቴ አገር፣ ወደ ጎጃም ሄድሁ። በአራት ቀን ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ ፎቶግራፍ አነሣሁ። የዓባይን ቁልቁለት ስንወርድ በመስኮት አነሣሁ፤ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ግን ማንሣት ክልክል ነውና ስልኬን ወደ ኪሴ መለስሁት። እናቴ ይህን ጊዜ ወንዙን እያየች፣ «አባትህ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ኮፍያውን ያወልቅ ነበር» አለች። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃት «እኔ ምን ዐውቄ፤ ያወልቅ ነበር» ብላ ዝም አለች። በኪሴ የነበረ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ ጻፍሁት።

ደጀን ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ሰማያዊ ሻሽ ያሰሩ አንዲት ባልቴት ቆሎ ይሸጡ ነበር። ሳላስፈቅድ አነሣኋቸው። «ልጄ፣ አነሣኸኝ?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልሁ፤ አፈርሁም። ስልኩን አስጠጋሁላቸው። መልካቸውን አይተው ረጅም ሳቅ ሳቁና፣ «ወረቀቱን አምጣልኝ፤ ለልጆቼ ይቀመጥልኝ» አሉ። ስመለስ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ፤ ይህንም በዚያችው ቅጽ ጀርባ ጻፍሁ። ስንመለስ አውቶቡሱ ደጀን ላይ አልቆመም። ቆይቶ ሄጄ እሰጣለሁ፣ ደግሞም አሳጥባለሁ ስል፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኬን ተሰረቅሁ።

ከሦስት መቶው ፎቶግራፍ የተረፉት አምስት ናቸው፤ ለወዳጆቼ አሳይቼ፣ ልኬ፣ አድናቆት ተቀብዬባቸው የነበሩት። በአምስቱም ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ያካፈልሁት ራሴን ብቻ ስለ ነበር የተረፈውም እኔው ብቻ ሆንሁ። የባልቴቷን ፊት ለማንም አልላክሁትም ነበር፤ ማን ያየዋል ብዬ።

ይህን ነው ለመናገር የፈለግሁት። የጉዞ ትዝታችንን የምናካፍለው ላልነበሩት ነው፤ አብረውን ለነበሩትና ፊታቸውን ለሰጡን ሰዎች ግን አንልክም። የውጭ አገር ጎብኝ ሕፃኖቻችንን አንሥቶ ሲሄድ እናማርር ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው ገጠር ሲወርድ የሚያደርገውም ያንኑ ነው። ገበሬው በማያውቀው ሰው ስልክ ውስጥ፣ በማያውቀው ከተማ፣ ስም አልባ ሆኖ ይኖራል፤ ልክ በእኛ ሳሎን እንዳለው ሦስተኛው ሰው። ስሙን ጠይቆ ለመጻፍ ግን ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር። እኔም የእማማን ስም አልጠየቅሁም። በቅጹ ጀርባ ያለው «ደጀን፤ ቆሎ፤ ሰማያዊ ሻሽ፤ ወረቀቱን አምጣልኝ» የሚል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዞውን ስንቴ አሰብሁት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን ያ እንደ ዋዛ የተመላለስንበት መንገድ የስጋት መንገድ ሆነ። ደጀን ላይ አውቶቡስ ቆሞ፣ ቆሎ ገዝቶ፣ ባልቴት አስቆ መሄድ ያን ጊዜ ፎቶግራፍ እንኳ የማይገባው ተራ ነገር ነበር።

ባለፈው ወር ከእናቴ ጋር አሮጌውን አልበም ማገላበጥ ጀመርን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ከተጠጣ በኋላ ነው የምንቀመጠው። እርሷ ስም ትጠራለች፤ እኔ ከየፎቶው ጀርባ እጽፋለሁ። ዐሥራ አንደኛው ላይ ደርሰናል፤ አንዳንዱ ላይ ወሬው ረዝሞ ይመሽብናል። መጀመሪያ በእስክሪብቶ ስጽፍ አይታ እጄን ያዘችኝ፦ «በእርሳስ አድርገው እንጂ፤ በእስክሪብቶ ከጻፍኸው ፊታቸው ላይ ይወጣል።»