መኪናው ቻለ፤ ልጁስ?

ልጆች ከትምህርት ቤት እረፍት ሲወጡ ድንኳን ጭኖ ከአዲስ አበባ ራቅ ማለት የሚፈልግ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ያለው ወይም የተከራየ ደግሞ ሐሳቡ ብዙ ጊዜ ወደ ባሌ ተራሮች ይሄዳል። ምርጫው ግሩም ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ በአንድ ቀን ጉዞ ብርዳማውን የሳነቴ አምባ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ጅብራና ወረድ ሲሉ ደግሞ ጥቅጥቁን የሐረና ጫካ ያሳያል።

ጠንካራ መኪና ግን አንድ የሚያዘናጋ ነገር አለው፤ ለእሱ የቀለለው ለሁሉም የቀለለ ይመስለናል።

ከፍታውን እንውሰድ። አዲስ አበቤዎች ደገኞች ስለሆንን ከፍታ አያሳስበንም። ከተማችን ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ከጎባ የሚነሳ መኪና በአንድ ጠዋት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የሕፃን ሳንባና የአያት ልብ በዚያ ፍጥነት አይለምዱትም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት በዲንሾ ወይም በጎባ እደሩ። ሳነቴን በቀን አይታችሁ ለመኝታ ውረዱ።

ትልቅ ሰው ራሱን ሲያመው ይናገራል። ሕፃን ግን ይነጫነጫል፣ ምግብ ይገፋል፣ ያስመልሰዋል። ይህን ስታዩ «ትንሽ ቆይቶ ይሻለዋል» አትበሉ፤ መፍትሔው ቶሎ መውረድ ነው። አያቶች ደግሞ ጉዞው እንዳይበላሽ ብለው «ደኅና ነኝ፣ እናንተ ብቻ ተደሰቱ» ይላሉ። ስለዚህ ደጋግማችሁ ጠይቋቸው። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ።

ቀጥሎ ብርዱ አለ። በበጋ ወራት ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ብርዱ ከመሬት ስለሚመጣ ወፍራም ምንጣፍ ከሥር ይነጠፍ። ከሰል አቀጣጥሎ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ወይም ሞተር ሳያጠፉ መኪና ውስጥ መተኛት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። የሚገድለው ጋዝ ሽታ ስለሌለው የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

መሬቱም እንደ ልጁና እንደ አያቱ አቅሙ የተወሰነ ነው። የሳነቴ ሜዳ ባዶ ስለሚመስል ከመንገድ ወጥቶ መንዳት ያጓጓል። ከሥሩ ግን ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ ግዙፍ ፍልፈል ጉድጓድ ምሶ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚመገበው እሱንና ሌሎች አይጦችን ነው። በዓለም ከቀሩት 500 የማይሞሉ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት እዚህ ይኖራሉ። ጎማ ሲያልፍበት ጉድጓዱ ይደረመሳል፤ በዚያ ብርድ ደግሞ የተረገጠው ሣር ቶሎ አያገግምም። ውሻችሁንም ከቤት ተዉት፤ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀበሮዎች በተደጋጋሚ ፈጅቷል።

ከመንገዱ ሳትወጡም የሚታየው ብዙ ነው። ማለዳ መኪናውን ዳር አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ከአስጎብኚያችሁ ጋር በዝምታ ጠብቁ። ቀይ ቀበሮ ስታዩ ለልጆቹ ይህን ንገሯቸው፤ በአንድ መንጋ ውስጥ የምትወልደው ብዙውን ጊዜ አንዲት እናት ብትሆንም ቡችሎቹን የምታሳድገው ብቻዋን አይደለም። ሌሎቹም ምግብ ያመጡላቸዋል፣ ይጠብቋቸዋል። በአያትና በአክስት እጅ ያደገ ልጅ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።