«ሜዳችን» ሊሎንግዌ

እኛ ሐረሮች ማስተናገድ ብርቃችን አይደለም። ጅብ እንኳ በስሙ ጠርተን ሥጋ እናጎርሳለን! ስለዚህ «አስተናጋጅ» በሚለው ቃል ሲቀለድ ዝም ብለን ማለፍ አቃተን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብጽን 2 ለ 0 ረቱ። ፈረስ መጋላ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ቡና ቤት ተፋፍገን አየን። ዳዋ ሆጤሳ በ21ኛው፣ ሽመልስ በቀለ በ40ኛው ደቂቃ ሲያገቡ የተደፋው ቡና ብዛት ባለቤቲቱን ሳያስለቅስ አልቀረም። ሳላህ አልነበረም፤ አዎ። ቢሆንም ያቺ ግብጽ ከጥቂት ወራት በፊት በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በሴኔጋል በመለያ ምት ብቻ የተሸነፈችው ናት። የውበቱ አባተ ልጆች ግን ኳስ አስረሷት።

በእረፍት ሰዓት አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጆች፣ ይሄ ሜዳ የት ነው?» አሉን።

«ማላዊ ነው ጋሼ፤ ሊሎንግዌ።»

«እንግዶች ነና እኛ?»

«የለም፣ ባለሜዳ ነን።»

ጋሼ ያሾፍንባቸው መሰላቸው። ቀሪውን ደቂቃ አላናገሩንም።

ይባስ ብሎ ማላዊ የምድባችን ተፎካካሪ ነበረች። ግንቦት 28 እዚያው ሜዳ ላይ በእንግድነት ገብተን 2 ለ 1 ተሸነፍንላት። በአራተኛው ቀን እዚያው ሣር ላይ «ባለቤት» ሆንን። የሸነፈህ ሰው ቤት ሳሎኑን ተውሰህ ድግስ እንደ መደገስ ማለት ነው!

«አሸነፍን አይደል፣ ምን ያነጫንጫችኋል?» የሚሉን አሉ። ያሸነፍነውማ ተጫዋቾቹ ናቸው ያሸነፉት። ሜዳ ማዘጋጀት የነበረባቸው ሰዎች የደስታ መግለጫውን ሲጋሩ ነው ደማችን የሚፈላው። ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም አይመጥንም ብሎ ካገደ በኋላ በኅዳር 2014 ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ ስንት ወር አለ? አደይ አበባ ስታዲየምም ግንባታው ከተጀመረ ዓመታት አልፈውት ያኔ ገና አላለቀም ነበር።

«አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት ስለ ኳስ ሜዳ?» የሚለውን ክርክር እናከብረዋለን፤ ሆዳችን ግን አልተቀበለውም። የቢንጉ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው በቻይና ብድር ነው፤ ማላዊም ከኛ የተረፋት ሀብታም አይደለችም። ደግሞስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና ሐኪም ጭኖ በየአገሩ ሜዳ መለመን በነጻ ነው እንዴ?

በ1968 እኮ የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ ደጃችን መጥቶ ነበር። ድሬዳዋ ያኔ በሐረርጌ ክፍለ ሀገር ሥር ናት፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና የዋንጫው ባለቤት ዛየር የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚያ ነው። ሞሮኮ ኋላ ዋንጫውን ወሰደች። የሐረር ሰው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ማየት ይችል ነበር።

ግብጽን ያሸነፍን ቀን ከሐረር ሊሎንግዌ የሚሄድ ፔጆ አልነበረም። ጋሼ ሂሳባቸውን ከፍለው በሸዋ በር በኩል ወደ ቤታቸው ሄዱ። ስንብታችንንም አልመለሱ።